እትዬ ብርቄ በዋግ የያዘችው ጾም

ይህን የምጽፈው ሰቆጣን ላላያችሁ፣ ለማየትም ላላሰባችሁ ለደብረ ማርቆስ ሰዎች ነው። ገና አፌን ስከፍት «እዚያማ ምን ይበላል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አትፈሩ፤ እኛም ቤት የተባለው ይኸው ነው። ጉዞው ራሱ የተደረገው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ታላቅ እህቴ ፍሬ አዋላጅ ነርስ ናት። ስትመረቅ የደረሳት ቦታ ዋግ ኽምራ ውስጥ ፃግብጂ የሚባል ወረዳ ሆነ። እማዬ አለቀሰች፣ አባባ ስልኩ ላይ ካርታ ሲፈልግ አመሸ፣ ፍሬ ግን ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ቆየት ብላ «ሰው አግኝቻለሁ» ብላ ደወለች። ሰውየው ደሳለ ይባላል። አስተማሪ ነው፣ የቄስ ልጅ ነው፣ የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ሽማግሌ ልላክ ይላል።

አባባ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «አስተማሪነቱም ደግ፣ የቄስ ልጅነቱም ደግ፤ ግን ልጄ እዚያ ምን በልታ ነው የምትኖር?» አለ።

እኛ ጎጃሞች እንዲህ ነን። የቀረው ዓለም ሁሉ ጤፍ አጥቶ የሚያለቅስ ይመስለናል።

አባባ ደግሞ ያለ ታላቅ እህቱ ያለ እትዬ ብርቄ ምክር ኮት እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ተወሰነ፦ እትዬ ብርቄ ሄዳ ቤታቸውን አይታ ትምጣ። ደህና ናቸው ካለች ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ካላለች ፍሬ ዝውውር ትጠይቃለች፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል። እኔ የታከልሁት የግማሽ ዓመት እረፍት ስለነበረና እትዬ ዘንቢሏን የሚሸከምላት ሰው ስለፈለገች ነው። ፍሬ ግን በስልክ ሌላ ሹመት ሰጠችኝ።

«ቤዚዬ፣ እትዬን አደራ። የደሳለ እናትና አባት እንግዳ በላላቸው ማለት ወደዳቸው ማለት ነው። አፏን ዘግታ ከተቀመጠች አለቀልኝ።»

ይኸውላችሁ ሥራዬ፤ እትዬ ብርቄን ማስበላት። በሬ ዛፍ ላይ ውጣ ቢሉት ይቀላል።

ረቡዕ

ዘንቢሉን ሳነሣው ወገቤ ተንቋቋ። ዳቦ ቆሎ አለበት፣ በሶ አለበት፣ ድርቆሽ አለበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእንስራ ልጅ የምታህል ማሰሮ የተነጠረ ቅቤ አለበት።

«ይህ ሁሉ ለፍሬ ነው?»

«ፍሬማ የሰው አገር ምግብ ለምዳ የለ!» አለች እትዬ። «ይህ ለእኔ ነው።»

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሰው ሁሉ ስንጠይቅ ሰንብተን ነበርና፣ አውቶቡሱ ሲነሣ ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። እትዬ ሁለቴ አማተበች፤ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለማሰሮው። ባሕር ዳር ገብተን አልጋ ያዝን። ለእራት የመጣልንን ሽሮ እትዬ በሹካ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ከሥሩ ሌላ ሽሮ የተደበቀ ይመስል። «ይሄ ሽሮ ሳይሆን የሽሮ ወሬ ነው» ብላ ዳቦ ቆሎዋን ቆረጠመች። ልብ በሉ፤ ገና ከጎጃም አልወጣንም፣ እንዲያውም ጠረኑ እንኳ ያልተለወጠ አገር ላይ ነን።

ሐሙስ

በደብረ ታቦር አድርገን ጋሸና ስንደርስ ነፋሱ ነጠላችንን ሊቀማን ታገለ። የእኛ ጮቄ ይበርዳል፣ ግን ጨዋ ብርድ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባ። የጋሸናው በር አያንኳኳም። ያረፍንበት አልጋ ቤት ባለቤት ፈርጠም ያለች ሴት ናት። የገብስ እንጀራ አቀረበችልን፤ ወፈር፣ ጠቆር ያለ።

እትዬ በጣቷ ጫን አደረገችው። «ይህ እንጀራ ነው ወይስ ምንጣፍ?»

«ምንጣፍ ቢሆን ያሞቅዎት ነበር እመቤት» አለች ሴትየዋ፣ ፊቷ ላይ ፈገግታም የለ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እንጀራውንም ጨረስሁት። ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደ ምድጃ ነው። እትዬ በሶዋን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ጠጥታ እየተንቀጠቀጠች ተኛች። ያቺ ባለቤት ግን ያን ሁሉ ስድብ ሰምታ፣ የገዛ ጋቢዋን አምጥታ ከላይዋ ጣል አደረገችላት። ጠዋት እትዬ ጋቢውን እያጣጠፈች «ልብሳቸውስ ደህና ነው» አለች። ከእትዬ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ዓርብ

በላሊበላ አልፈን ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ ለሚያቅለሸልሸው ሰው አልተሠራም። ተራራው ይጠመዘዛል፣ ሚኒባሱ ይጠመዘዛል፣ ሆድም አብሮ ይጠመዘዛል። እኛ አገር ተራራ ልብስ ለብሶ ነው የሚታየው፤ እዚህ ድንጋዩን ገልጦ፣ አጥንቱን አሳይቶ ይቆማል። አላፍርም ያለ ተራራ ነው፤ ወደድሁት።

እየወረድን ስንሄድ ፀሐይዋ በረታች። ማሰሮው ከፊት በኩል መደርደሪያ ላይ ነበር። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አናታቸው ላይ አሳርፈው አነሡት፣ አሸተቱት፣ ዞረው እትዬን አዩዋት።

«እመቤት፣ ዓርብ መሆኑን አላወቁም እንዴ? በጾም ቀን ቅቤ ቀቡኝ እኮ!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ሳይቀር «ለሙሽርነት ነው አባቴ!» አለ። እትዬ ነጠላዋን አውልቃ አናታቸውን ልትጠርግ ብትነሣ መኪናው ነጠረና ጭናቸው ላይ ዘፍ አለች። አዛውንቱ «ኧረ እኔ ባለትዳር ነኝ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰቆጣ ድረስ እትዬ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የደስ ደስ ያለው መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ሰቆጣ ደሳለ ጠበቀን። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ ዘንቢሏን አሸከመችው፤ እስክንቀመጥ ድረስም የማን ልጅ እንደሆነ፣ ይጠጣ እንደሆነ፣ ያንኮራፋ እንደሆነ ጠይቃ ጨርሳ ነበር። ዳቦ በማር አዘዘልን። የዚያ አገር ማር ነጭ ነው፣ ነጭ! እትዬ «ስኳር ነው ያቀለጣችሁት» አለች። ቀመሰች። «ምንም አይልም» አለች። ደግማ ቀመሰች። «እንዲያው ምኑ ይጣፍጣል» እያለች ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ጨረሰችው። ያን ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። ሞኝ ነበርሁ።

ቅዳሜ

በኢሱዙ መኪና መንገዱ እስካለቀ ሄድን፤ የቀረውን በእግር። ዘንቢሉን አህያ ተሸከመችው። ፍሬ መንገድ ድረስ ወጥታ ስትጠብቀን አየኋትና ሮጥሁ፤ ከስታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሷ ግን ጉንጯ ሞልቷል። ይህን ለአባባ መንገር ብቻ ይበቃ ነበር፤ ግን ማን እኔን ይሰማል?

የቤቱ አባወራ ቄስ ወልዱ፣ ሚስታቸው እማ ለተ ይባላሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው። ትከሻ ይሳማል፣ ደህና ናችሁ ይባላል፣ እንደገና ትከሻ ይሳማል፣ ከብቶቻችሁስ ይባላል። እኛ ከብት የለንም፤ ቢሆንም «ደህና ናቸው» አልሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ዘንቢሉ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ዞር ስንል ፍየሎቹ ከበውታል። ዳቦ ቆሎው የለም። ድርቆሹ የለም። አንዲት ጺማም ፍየል ቀና ብላ አየችን፤ ጺሟ በበሶ ነጭ ሆኗል። ቅቤው ብቻ ተረፈ፤ ብቻውን ቅቤ ደግሞ ማን ይበላዋል?

እማ ለተ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ! የእንግዳ ስንቅ! ግድ የለም እመቤቴ፣ ከእኛ ቤት መጥተው ስንቅ ምን ያደርግልዎታል?»

ያቺው ጺማም ፍየል በበኩሏ ዕዳዋን ወዲያው ከፈለች፤ ለእንግዳ የታሰበችው እሷ ነበረችና ታረደች።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በዚያ አገር ፍየል ሲታረድ ከሁሉ በፊት የሚቀርብ ነገር አለ። ትኩሱን ጨጓራ ያጥቡታል፣ ጥሬውን ደቀቅ አድርገው ይከትፉታል፣ በርበሬ ይነሰንሱበታል፣ ከላይ ሐሞቱን ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። አረንጓዴ ሐሞት! ይህንን የሚቀምሰው መጀመሪያ የክብር እንግዳ ነው፤ እሱ ሳይቀምስ ሌላው እጁን አይዘረጋም። እማ ለተ ራሳቸው ጠቅልለው ወደ እትዬ አፍ አስጠጉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ያያል። ደሳለ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ኪሱ ከተተው።

እትዬ ጉርሻውን አየች። ጉርሻውም እትዬን ያየ መሰለኝ።

«እኔ… ጾም ነኝ» አለች።

«በቅዳሜ?» አለች ፍሬ፣ ሳታስበው።

«የስለት ነው! ለእመቤታችን የተሳልሁት። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ።»

ቄስ ወልዱ ፊታቸው በራ። «እሰይ! የስንት ቀን ነው እኅቴ?»

«የ… የሰባት።»

«ዛሬ ስንተኛዎ ነው?»

«መጀመሪያዬ።»

አያችሁልኝ? «ሰባተኛዬ» ብትል ኖሮ በማግሥቱ ነጻ ትወጣ ነበር። ውሸት የማይሆንለት ሰው ለምን ይዋሻል?

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። «እንግዳ ከቤታችን ብቻውን አይጾምም። እስክትሄዱ ድረስ እኛም አብረን እንይዛለን። ለተ፣ ሥጋውን ለጎረቤት አካፍይ።»

ያን ጊዜ የቤቱን ልጆች ፊት ብታዩ! ያቺን ፍየል ሲያሳድጉ ኖረው፣ ሽታዋ ብቻ ደርሷቸው ሥጋዋ በበር ሊወጣ ነው። እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር ተባባሉና እትዬን እያዩ ሳቁ። ፍሬን «ምን አሉ?» ብላት ተርጉሜ አልነግርሽም አለችኝ።

«ልጆች ይበሉ» አሉ ቄሱ፣ ራርተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? እንዳክስትሽ ነሽ?»

ዓመቱን ሙሉ እማዬን «እኔ ልጅ አይደለሁም» ስል የኖርሁ ሰው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኧረ እኔ ልጅ ነኝ!» አልሁ። ያን ጉርሻም እኔ ጎረስሁት። መጀመሪያ ይመርራል። ከዚያ በርበሬው ይደርሳል። ከዚያ እጃችሁ ሳታዝዙት ራሱ ይዘረጋል። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጠላ ጠጣች። «ጠላ ጾም ነው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ከቤቱ ጀርባ ፍሬን ስታለቅስ አገኘኋት። «እማ ለተ ‹አልወደደችንም መሰለኝ› ብለዋል ለደሳለ። ቄሱ አምነዋታል፣ እሳቸው ግን ሴት ናቸው፣ ገብቷቸዋል። እትዬ ደግሞ ሳትበላ ሄዳ ‹የሚበላ የላቸውም› ትለዋለች ለአባባ። ቤዚ፣ በሁለቱም በኩል ተቆረጥሁ እኮ።»

በነጠላዬ እንባዋን ጠረግሁላት። አፌ ገና ሐሞት ሐሞት ይል ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የማሽላ እንጀራ ከስልጆ ጋር ቀረበ። የጤፍ እንጀራ ገር ነው፣ እንደ ጨርቅ ወደጠቀለላችሁት ይጠቀለላል። የማሽላው ኩሩ ነው፤ በትሕትና ካልያዙት ይሰበራል። ስልጆው ሰናፍጩ በአፍንጫ ይወጣል፤ እንባዬ እየወረደ በላሁ። እትዬ ሁለት ጊዜ ቆረሰችና «ጾመኛ ብዙ አይበላም» ብላ እጇን ሰበሰበች።

ወሬ ግን ከሰው ቀድሞ ይሄዳል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሴቶች «ጎጃም ድረስ ቢሄዱ የማትገኝ ጾመኛ መጥታለች» ተባብለው ይመጡ ጀመር። አንዷ ጉልበቷን ያማታል፣ አንዷ ልጅ አጥታለች፣ አንዷ ላሟ ነጥፋባታለች። «በጸሎትዎ ያስቡን እናታችን» ይላሉ። እትዬን መጀመሪያ ላብ አጠመቃት። ሦስተኛዋ ሴት ላይ ግን ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። አምስተኛዋ ላይ ዓይኗን ጨፍና «እመቤቴ ትርዳሽ» ማለት ጀመረች። በማርቆስ የምናውቃት፣ ከሥጋ ቤት ባለቤት ጋር ስለ ብልት ተጣልታ ሰፈር ያወከችው እትዬ ብርቄ!

ቅድስናዋ ግን እስከ ማታ ነው የቆየው። ቄሱ ገብተው ተቀመጡና «ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ እህል ቶሎ ቀመስን። ከነገ ጀምሮ ደግሞ እንደ ሥርዓቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አሉ።

«እስከ… ከሰዓት ዘጠኝ?»

«ለእርስዎማ ምንዎ ነው፣ የለመዱት!»

ሰኞ

ጠዋት እማ ለተ ብርኩታ ሲጋግሩ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። ብርኩታ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ያለበት ዳቦ ነው። አልቀለድሁም። ከወንዝ የተለቀመ ልሙጥ ድብልብል ድንጋይ እሳት ውስጥ ይግላል፤ ሊጡን በትኩሱ ድንጋይ ዙሪያ ይጠቀልሉበታል፤ ከዚያ ፍም ላይ ይጥሉታል። ድንጋዩ ከውስጥ ያበስለዋል፣ ፍሙ ከውጭ።

«ድንጋይ ሁሉ አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «አንዳንዱ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። እነዚህን ያወረሱኝ አማቴ ናቸው።»

«እና እንዴት ነው የሚበላው?»

«የጋገረችው ናት ቆርሳ ድንጋዩን አውጥታ የምትሰጥ። ድንጋይ ሳታወጣ ለሰው የሰጠች ሴት ስሟ ይጠፋል። በዚህ አገር ብርኩታ ከእጅ ይቀበሉታል እንጂ ማንም አያነሣውም።»

የተጋገረውን ለዘጠኝ ሰዓት በሰፌድ ደርድረው ሸፈኑት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ፍሬ ጤና ጣቢያ፣ ልጆቹ ከፍየሎቹ ጋር ነበሩ። እኔና እማ ለተ ውሃ ልንቀዳ ወረድን። እትዬ «ራሴን አሞኛል፣ ጋደም ልበል» አለች። ለምን አልጠረጠርሁም? እትዬ ራሷን አሟት አያውቅም፤ የሰው ራስ ነው የምታሳምም።

ጀሪካኑን ተሸክመን ስንመለስ፣ ከቤቱ ጩኸት ወጣ። ሮጠን ገባን። እትዬ በአንድ እጇ ጉንጯን፣ በሌላ እጇ ብርኩታ ይዛ ቆማለች። ብርኩታው ላይ ንክሻ አለ። ንክሻው ውስጥ ድንጋዩ ይታያል። ድንጋዩ ላይ የእትዬ የፊት ጥርስ ግማሽ ተቀምጧል፤ እንደ ዕንቁ።

«ድንጋይ!» ብላ ጮኸች፤ በተሰበረው በኩል ነፋስ እየወጣ። «ድንጋይ ነው የሚያበሉ! ለወንድሜ እነግረዋለሁ! ልጃችንን ድንጋይ ሊያበሏት ነው!»

አለቀ አልሁ። ፍሬን አሰብኋት።

እማ ለተ ብርኩታውን አዩ። ከዚያ በበሩ ፀሐይዋን አዩ፤ ገና ቀትር እንኳ አልሆነም። ከዚያ እትዬን አዩ። እትዬ አፏን ያዘች፤ ያመማት ጥርሷ ብቻ አልነበረም። እማ ለተ እሳቱ ጋ ሄዱ። ውሃ ለብ አደረጉ፣ ጨው ጨመሩበት፣ «ይጉመጥመጡ» ብለው ሰጧት።

ጩኸቱን የሰሙት ሴቶች ግን እየተንጋጉ መጡ፤ እነዚያው የትናንትናዎቹ፣ ባለጉልበቷም፣ ባለላሟም። በሩ ላይ ቆመው ብርኩታውንና ጾመኛይቱን ሲያዩ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር።

እማ ለተ ወደ በሩ ሄዱ። «እኔ ነኝ ያቀመስኋት» አሉ። «ጨዉን ይዩልኝ ብዬ። ድንጋዩን ማውጣቱን ረሳሁት።»

«አንቺ? አንቺ ረሳሽ?» አለች ባለጉልበቷ።

«ረሳሁ አልሁ እኮ። እርጅና ነው።»

ጠዋት የነገሩኝን አስታውሱ፤ ድንጋይ ሳታወጣ የሰጠች ሴት ስሟ ይጠፋል። ስማቸውን አንሥተው ለአንዲት ቅምጥል ጎጃሜ አፍ መሸፈኛ ሰጧት፤ ከትናንት በስቲያ ሥጋቸውን ለጎረቤት ላስበተነች።

እትዬ እማ ለተን አየቻቸው። ከዚያ የጨው ውሃውን ተፋችና «ውሸት ነው» አለች። «ራሴ ነኝ ሰርቄ የበላሁ። ርቦኝ ነው። ጾምም አልያዝሁ፣ ስለትም የለብኝ።»

ቄስ ወልዱ ይህን ጊዜ ከሴቶቹ ኋላ ደርሰው ነበር። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ።

«ስለቱ የለም?»

«የለም አባቴ።»

«ታዲያ ለምን ጾምን?»

እትዬ አንገቷን ደፋች። «ያ… አረንጓዴው ነገር።»

ቄሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። «ሐሞቱ! ሐሞቱ ነው ያስጾመን!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ ባለላሟ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ሳቁ ሲበርድ ቄሱ እንባቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በእመቤታችን ስም መዋሸት ቀኖና አለው፣ እኅቴ።»

«ይስጡኝ አባቴ። ስግደትም ቢሆን።»

«ስግደት አይደለም። የቀረበልዎትን መብላት ነው።»

ሌላ ፍየል ወደቀ። የእትዬ የፊት ጥርስ ግማሽ ነው፤ ጥሬ ጨጓራ ደግሞ ሙሉ ጥርስ ያለውንም ሰው ያደክማል። እማ ለተ ለሕፃን እንደሚደረገው አድቅቀው ከተፉላት፣ ሐሞቱን ግን አልቀነሱላትም፤ እንዲያውም ትንሽ የጨመሩ መሰለኝ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ፊቷ ተጨማደደ። የተጨማደደው ቀስ እያለ ተፈታ። ከዚያ እጇ ሳታዝዘው ተዘረጋ።

ልጆቹ አሁንም በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉና ሳቁ። ፍሬ ከጤና ጣቢያ ገብታ ነበርና ያን ጊዜ ተረጎመችልኝ፤ «‹ያዟት አሁን፣ ሁሉንም እንዳትበላው› ነው የሚሉት።»

ማክሰኞ

ስንሰናበት እማ ለተ አንድ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው ለእትዬ ሰጧት። ያው ድንጋይ ነው። «ያገልግልዎ» አሉ። «አውጥተው ይስጡ እንጂ።» እትዬ ማሰሮውን ከነቅቤው ለእሳቸው ሰጠች። ተቃቀፉ። ትከሻ ተሳሳሙ፣ ከብቶቹም ተጠየቁ። የመልሱን መንገድ አልዘረዝርላችሁም፤ ጋሸና ያቺ ባለቤት እንጀራዋን ስታቀርብ እትዬ «ይጨመርልኝ» ማለቷን ብቻ እወቁልኝ።

ማርቆስ ገባን። አባባ ገና ሳንቀመጥ የእትዬን አፍ አየ።

«ጥርስሽ ምን ሆነ?»

ፍሬ ስልኩ ላይ ሆና ትሰማለች፤ እኔ ነኝ ሳልነግራቸው የደወልሁላት። እትዬ «ዳቧቸው ሰበረው» ካለች ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ቄሱ ደግሞ በውሸቷ ቀኖና ሰጥተዋታል።

«መኪና ነው» አለች እትዬ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። «የላሊበላ መንገድ። ነጠረና ከፊቴ ወንበር ብረት ጋር አጋጨኝ።»

በጉዞው ሁሉ ውሸት ሲያንቀው የነበረ አፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማር ፈሰሰለት።

«ምግባቸውስ?» አለ አባባ። «ልጄ ምን በልታ ነው የምትኖር?»

«ወንድሜ» አለች እትዬ፣ «እሷስ ትኑር፤ እኛ ነን እስከዛሬ ሳንበላ የኖርን።»

አባባ ግራ ገብቶት አየን። ከዚያ አቀረቀረ፤ ቀና ሲል «እንግዲያውስ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸች፤ ፍሬ ናት፣ እልልታዋ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ብርኩታ ጋገረች። ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄደ። ትኩሱን አምጥታ አባባ ፊት አስቀመጠችው። አባባ ሥርዓቱን አያውቅም፤ አንሥቶ እፍ እፍ አለበት። እትዬን አየኋት፤ አየችኝ። ቆርሳ ድንጋዩን ማውጣት የእሷ ነው። እጇን ግን አልዘረጋችም። በምላሷ ጫፍ የተሰበረውን ጥርሷን ነካ አደረገች፤ ያ ጥርስ የተሰበረው በማን ጥያቄ ምክንያት እንደሆነ የምታስብ መሰለኝ።

«ብላ ወንድሜ» አለችው፣ በዚያ በጾመኛ ድምፅዋ።

እኔ? እኔ ለብ ያለ ውሃ ላመጣ ተነሣሁ። ጨው የገባበት።